«ኖር» ያጋደላት ጀልባ

ጓደኛዬ ከድር በሄደበት ሠርግና ለቅሶ ሁሉ ይህን ታሪክ ሲያወራ፣ እኔ ውኃ ውስጥ እንደወደቅሁና እሱ ፀጉሬን ይዞ ጎትቶ እንዳወጣኝ አድርጎ ነው። በመጀመሪያ ነገር እኔ መላጣ ነኝ። ሲቀጥል ደግሞ ማንም ውኃ ውስጥ አልወደቀም። የሆነው ከዚያ የባሰ ነው። ሰው ከእሱ የተጋነነውን ከሚሰማ ከእኔ እውነቱን ቢያነብ ይሻላል ብዬ እነሆ ጻፍኩት።

ስሜ ደረጀ ነው። ያን ጊዜ ዲቪ ደርሶኝ ኮለምበስ ከገባሁ ስምንተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ግሮቭፖርት ካሉት ትልልቅ መጋዘኖች ባንዱ ፎርክሊፍት እነዳለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት ደግሞ ተማሪዎች በሞሉበት ቤት አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ቁጡ ነኝ፤ ከቁጣዬ የሚብሰው ግን ይሉኝታዬ ነው። እንግዳ ሊመጣ ነው ከተባልኩ የእግር መጥረጊያውን ምንጣፍ ሳይቀር አጥቤ የምተኩስ ሰው ነኝ። አጋንኜ አይደለም፤ ተኩሼ አውቃለሁ።

ወደ ሥራ ስሄድ ሁልጊዜ የማልፍበት አንድ ግቢ ነበር። እዚያ ግቢ ውስጥ ሮይ የሚባል ጡረታ የወጣ በያጅ ጀልባ ይሠራል። በዚያ መንደር በኩል ድሮ ጀልባ የሚሄድበት ቦይ ያልፍ ነበር፤ ዛሬ ደርቆ ሣር በቅሎበታል። ሮይ ግን እንግሊዝ አገር በቦይ ላይ እንደሚነዱት ዓይነት፣ ዐሥራ ሁለት ሜትር ርዝመትና ሁለት ሜትር ስፋት ያላት የብረት ጀልባ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲበይድ ኖሯል። ስታልቅ የሱም ጉልበት አለቀ። «ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ከምሰጣት ለሚያኖራት ሰው ብሰጣት ይሻለኛል» አለኝ አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ተደግፎ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ለቤት ዳውን ፔይመንት ያጠራቀምኩትን ይዤ ሄድኩ።

እጮኛዬ ማህሌት ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ሾርት ኖርዝ ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ማናጀር ናት፤ ዝምታዋ ከጩኸቷ በላይ ያስፈራል። በአራተኛው ቀን መጥታ ጀልባዋን አየች፣ ከፊት ጫፏ ላይ ተቀምጣ እግሯን አንጠለጠለች፣ ከዚያም «ቀጭኔ እንበላት» አለች። በዚያው ታረቅን። ቀጭኔን በትልቅ መኪና አስጭነን ከከተማው ወደ ሰሜን የሚገኘው የውኃ ማጠራቀሚያ ሐይቅ ላይ አሳረፍናት።

ሮይ ሁለት እሑድ መጥቶ አስተማረኝ። ከሁሉም አጥብቆ የነገረኝ ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው ስለ ዘንጉ ነው። ውልብልቢቱን የሚያዞረው ዘንግ ከሞተሩ ተነሥቶ በጀልባዋ የኋላ ጫፍ በኩል ወደ ውኃው ይወጣል። በሚወጣበት ቀዳዳ ዙሪያ ግራሶ የጠጣ ገመድ ተጠቅጥቆበት በሁለት ብሎን ይጠበቃል። ሞተሩ ሲሠራ ታዲያ በዚያ በኩል ጠብ፣ ጠብ እያለ ጥቂት ውኃ መግባት አለበት፤ ዘንጉን የሚያቀዘቅዘው እሱ ነው። «ይንጠባጠብ፤ አትፍራው» አለኝ። ሁለተኛው ከወለሉ ሣንቃ ሥር ስለተደረደሩት አሮጌ ጡቦች ነው። ጀልባዋን ሚዛን የሚያስይዟት እነሱ ናቸው። «ጡቦቹን አትንካ። ሰውም ደግሞ በአንድ ጎን አይከማች» አለ። እኔም አንገቴን እየነቀነቅሁ ሰማሁት። የሰማሁት መስሎኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ለማህሌት አባት ሽማግሌ ላክሁ። ጋሼ ታምሩ ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀብለው አስተናግደው ሲያበቁ፣ «ልጁ ጨዋ ነው ይባላል። ነገር ግን የቤት መግዣውን ጀልባ ገዝቶበታል አሉ። ልጄን የት ሊያኖራት ነው? በዐይኔ አይቼ መልስ እሰጣለሁ» ብለው መለሷቸው። ማህሌትም ቁርጡን ነገረችኝ።

«ደሬ፣ አባዬ እምቢ ካለ እኔ ከቃሉ አልወጣም። እወድሃለሁ፤ ግን አልወጣም።»

«እና ምን ላድርግ?»

«ምንም። ዝም ብለህ አሳየው። እሱ ፊት አታካብድ፣ በናትህ።»

ዓርብ ጠዋት ብሬክ ላይ እያለሁ ማህሌት ኮል አደረገችኝ። «ነገ ስምንት ሰዓት እንመጣለን። አራት ነን» አለች። ከሰዓት በኋላ አራቱ ስድስት ሆኑ፤ አመሻሹ ላይ ስምንት። ከሥራ ወጥቼ ከድርን ይዤ ወደ ሐይቁ በረርኩ። ከድር የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ ታክሲ ይነዳል፣ ከመንዳቱ ይልቅ ማውራቱን ያውቅበታል።

መስተዋቱን ወለወልን፣ ወንበሮቹን አለበስን። ቀጥሎ የኋላውን ክዳን ከፍቼ ሞተሩን ሳስነሳው ጠብ፣ ጠብ ይላል። ሁልጊዜ የማየው ነገር ነው። የዚያን ቀን ግን በጋሼ ታምሩ ዐይን አየሁትና ላብ አጠመቀኝ። ልጅ የሚጠይቅ ሰው የሚያፈስ ጀልባ ያሳያል?

«ስፓነር አምጣ» አልኩት።

«ሮይ ይንጠባጠብ አላለህም እንዴ?»

«ሮይ አማት አይመጣበትም!»

ሁለቱን ብሎኖች እስኪንቋቁ አጠበቅኋቸው። ጠብታው ቆመ። በጨርቅ ወለወልኩና ጣቴን አሻሽቼ ደረቅ መሆኑን ሳረጋግጥ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ ዐይኔ ወደ ወለሉ ሄደ። አንዱን ሣንቃ ሳነሳው ጡቦቹ ሻግተዋል፣ ሸረሪት አድርቶባቸዋል፣ ሽታ አላቸው። እትዬ ወይንሸት፣ የማህሌት እናት፣ አፍንጫቸው ከሐኪም ማሽን ይበልጣል ይባላል።

«ግማሹን ብቻ እናውጣው» አልኩ።

ከድር ወገቡን ይዞ እያቃሰተ እያንዳንዱን ጡብ ሲያወጣ አንዳንድ ርግማን አብሮ ያወጣ ነበር። ጡቦቹን ጀልባዋ በምትታሰርበት ማረፊያ ድልድይ ላይ እንደ አጥር ደረደርናቸውና አናታቸው ላይ የአበባ ማሰሮ አስቀመጥን። እውነት ለመናገር ያምር ነበር።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ሲሆን መጡ። ማህሌት፣ እናቷ፣ ሁለት አክስቶቿ፣ የዐሥራ አራት ዓመት እህቷ ቤቲ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎቼ። ሁሉም የክት ልብሳቸውን ለብሰዋል። ጋሼ ታምሩ መኪና ፓርክ እያደረጉ ስለዘገዩ ሌሎቹን በጎኗ በር አስገብቼ በግራና በቀኝ ባሉት አግዳሚዎች ላይ አስቀመጥኳቸው። ሳምቡሳው ጠረጴዛ ላይ ነው። እትዬ ወይንሸት አየሩን ስበው ስበው ምንም አላገኙም። ማህሌት ጠቀሰችኝ። ነገሩ ሁሉ በእጄ የገባ መሰለኝ።

ያኔ ጋሼ ታምሩ በበሩ ገቡ።

መቼም ታውቃላችሁ። አባት ሲገባ የሚቀመጥ ሰው የለም።

«ኖር!» አለ ሁሉም፣ በአንድ ድምፅ፣ በአንድ ጊዜ ብድግ ብሎ። በግራ በኩል የነበሩትም ወንበራቸውን ሊለቁላቸውና እጅ ሊነሱ ወደ በሩ፣ ወደ ቀኝ ነጎዱ። ከጋሼ ታምሩ ጋር ሰባት ሰው፣ እኔና ከድር ስንጨመር ዘጠኝ ሰው በአንድ ጎን። ጡቦቹ ደግሞ ውጭ አበባ ተሸክመዋል።

ቀጭኔ ወደ ቀኝ ተጋደለች። የሳምቡሳው ትሪ ቀስ ብሎ መንሸራተት ጀመረ።

«በእግዜር! በእግዜር! ኧረ ተቀመጡ!» አሉ ጋሼ ታምሩ የበሩን መቃን ጨብጠው።

«ኧረ እርስዎ ሳይቀመጡማ!» አሉ አንደኛው ሽማግሌ፣ ግድግዳውን በሁለት እጃቸው ይዘው።

«በማርያም ተቀመጡ!»

«አይሆንም! እዚህ ጋ ይለፉ!»

ሁሉም በያዘው የክብር ቦታ ላይ ሊያስቀምጣቸው ይጎትታቸዋል፤ ጀልባዋ ደግሞ በተጎተቱ ቁጥር ትወርዳለች። ከእቃ ማጠቢያው ሲንክ የጉርግርታ ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ከታች በኩል ውኃ ወደ ላይ እየፈላ ነው።

«ማህሌት፣ ቧንቧውን ዝጊው!»

«አልተከፈተም!»

የሲንኩ ማፍሰሻ በጀልባዋ ጎን የሚወጣበት ቀዳዳ ከውኃው በታች ገብቶ ሐይቁ በሱ በኩል ሊጎበኘን እየመጣ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ቁጭ ብላ የቀረችው ቤቲ ብቻ ናት፤ ስልኳን ይዛ ትቀርጻለች።

«ጋይዝ! ጀስት ሲት ዳውን!» ብላ ጮኸች።

የዚያን ቀን ባለጌዋ እሷ፣ ትክክለኛዋም እሷ ነበረች። ግን ማን ይስማት? አባት ቆሞ መቀመጥ ነውር ነው። እሳቸው ሰው ካልተቀመጠ አይራመዱ፤ ሰው እሳቸው ካልተቀመጡ አይቀመጥ። በመጨረሻ ጋሼ ታምሩ ያንን የተተኮሰ ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው እበሩ ደረጃ ላይ ዱብ አሉ።

«ይኸው! ተቀመጥኩ! አሁንስ?»

ሁሉም እፎይ ብሎ በየቦታው ተመልሶ ተቀመጠ። ቀጭኔም እንደ ተለቀቀ ቅርንጫፍ ወደ ግራ ተወዛወዘች። እትዬ ወይንሸት «ሥላሴ!» ብለው እህታቸው ጭን ላይ አረፉ። ሳምቡሳዎቹ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ጥቂት ተመላለሱና አንድ ጥግ ላይ ተሰባሰቡ።

ጋሼ ታምሩ አልተቆጡም። በጫማቸው ጫፍ ወለሉን መታ መታ አደረጉት። ባዶ ድምፅ ሰጠ። ቀና ብለው አዩኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰው በዚህ ጊዜ ይቅርታ ይጠይቃል። እኔ ግን የጠፋውን ክብር በአንድ ጉዞ የምመልሰው መስሎኝ «እስቲ ትንሽ እንንሸራሸር!» አልኩ። ማህሌት በዐይኗ «ተው» ብትለኝም ዐይኔን አሸሸሁ። ሞተሩን አስነሥቼ ወጣን።

ለሃያ ደቂቃ ያህል ንጉሥ ነበርኩ። ፀሐዩ ደስ ይላል፣ ውኃው ጸጥ ብሏል፣ አክስቶቿ «ውይ ሲያምር!» ይላሉ። መሪውን ይዤ ደረቴን ነፍቻለሁ። ከዚያ አንድ ሽታ መጣ። እትዬ ወይንሸት ከወዲያ ጫፍ «የሚቃጠል ነገር አለ» አሉ።

«ከዳር ባርቤኪው እየጠበሱ ነው» አለ ከድር ለኔ ብሎ።

«ላስቲክ ነው የሚጠብሱት?»

ከእግሬ ሥር ሲጢጢጥ የሚል ድምፅ ወጣ። ጭሱ በክዳኑ ስንጥቅ ተከተለ። ሞተሩ አቃሰተ፣ አንዴ ተንገጫገጨና ጸጥ አለ። ሐይቁ መሃል ቀጥ አልን። ያኔ በራሴ ላይ የተሰማኝን ንዴት ልነግራችሁ አልችልም፤ ማህሌትን በሁለት ብሎን አጠባብቄ ያጣኋት መሰለኝ።

ጋሼ ታምሩ ወደ ኋላ መጡ። ክዳኑን አንስተው በጉልበታቸው ተንበረከኩ። እጃቸውን ወደ ዘንጉ አስጠግተው ወዲያው ሳቡት።

«ይሄ ለምንድን ነው የደረቀው?»

«አያንጠባጥብም ጋሼ» አልኩ፣ ዐይኔን በጨው አጥቤ። «ጥሩ ጀልባ ነች።»

«የማያንጠባጥብ አንድ ብቻ አይቼ አውቃለሁ፤ እሱም ተቃጥሎ ነው የቆመው» አሉ። «ልጄ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት አዋሽ ዳር የመስኖ ፓምፕ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። ማህሌት አልነገረችህም?»

ማህሌት «አባዬ እርሻ መሥሪያ ቤት ነበር» ስትለኝ እኔ ሁልጊዜ ጠረጴዛና ማኅተም ነበር የሚታየኝ። የዓለም ሰው ሁሉ ሲቀር፣ ጠብታዬን አይቶ ከሚያመሰግነኝ ከአንዱ ሰው ነው የደበቅሁት።

«ማን ነው ያጠበቀው?»

ከድር ሰማይ ሰማይ ያያል። «እኔ ነኝ» አልኩ። «ትናንት። እስከ ትናንት ያንጠባጥብ ነበር።»

«ለምን?»

«እንዳያዩብኝ ብዬ።»

«ከወለሉ ሥር የወጡት ጡቦችስ?»

«እነሱም እንዳይታዩ ነው።»

«አበባውስ?»

«አበባው የከድር ሐሳብ ነው።»

«ወላሂ አይደለም!» አለ ከድር።

ጋሼ ታምሩ ከራቫታቸውን ወደ ጀርባቸው ወረወሩ፤ የነጭ ሸሚዛቸውን እጅጌ እስከ ክርናቸው ጠቀለሉ። «ይቀዝቅዝ መጀመሪያ» ብለው አጠገቤ ተቀመጡ። ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ከውስጥ አክስቶቿ ሳምቡሳ ሲያነሱ ይሰማል። ጋሼ ታምሩ ስለ አዋሽ ዳር ፓምፖች አወሩልኝ፤ አንዱን ፓምፕ አለቃ ሊጎበኝ ነው ተብሎ አንድ ወጣት መካኒክ አጥብቆ አድርቆት በጉብኝቱ መሃል እንዴት እንደጨሰ ነገሩኝ። «ያ መካኒክ ምን ሆነ?» ብዬ ስጠይቃቸው አፋቸውን በእጃቸው ከልለው ሳቁ። ማን እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ከቀዘቀዘ በኋላ ስፓነሩን ተቀበሉኝና ብሎኖቹን ፈታ ፈታ አደረጓቸው። ግራሶ ሰጡት። «አስነሳ፤ ቀስ ብለህ።» ሞተሩ ተነሣ። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን፣ ጭንቅላታችን ሊጋጭ ደርሶ፣ ጠበቅን።

ጠብ።

«አንድ» አሉ ጋሼ ታምሩ።

ጠብ።

«ሁለት» አልኩ እኔ። አላፍርም፣ ዐይኔ እንባ አቅርሮ ነበር።

«ወይንሸት! ኑ እዩ!» ብለው ተጣሩ፤ ሰው ብድግ ብድግ ማለቱን ሲሰሙ ግን ደንግጠው ዘለው ቆሙ። «ሁላችሁም አንዴ አይደለም! ሁለት ሁለት እየሆናችሁ! ሌላው ይቀመጥ!»

በቀስታ ተመለስን። ማረፊያው ጋ እንደደረስን ጋሼ ታምሩ የአበባ ማሰሮዎቹን ወደ ጎን አድርገው አንድ ጡብ አነሡና ለሽማግሌው አቀበሉ። ሽማግሌው ለአክስቷ፣ አክስቷ ለእትዬ ወይንሸት። እንደዚያ ተሰልፈው፣ በክት ልብስ፣ በነጠላ፣ በተረከዝ ጫማ፣ ጡቦቹን አንድ በአንድ መለሷቸው። እትዬ ወይንሸት እያንዳንዱን እያሸተቱ ያቀብሉ ነበር። ማህሌት በአጠገቤ ስታልፍ «አታካብድ ብዬህ ነበር» አለችኝ። ደስ ያላት ትሁን የተናደደች መለየት አቃተኝ።

ሥራው እንዳለቀ አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲህ ጋሼ ታምሩ፣ መልሱን…» ሲሉ፣ እሳቸው እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸው። እኔን ክንዴን ይዘው ከሰው ራቅ አደረጉኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ቤት አለው እያለ ሰው የሚያከብረኝ እኔ፣ ቤዝመንቴ በዘነበ ቁጥር ውኃ ይሞላል። ሁለት ዓመቱ። እንግዳ እንዳያይ በሩን ቆልፌ ቁልፉ ጠፋ ብያለሁ። ወይንሸት እንኳ አታውቅም።»

ወደ ድልድዩ በአገጫቸው ጠቆም አደረጉ።

«ስመጣ ጡብና አበባ ሳይ፣ ይሄ ልጅ እንደኔ ነው፣ ልጄን እንደዚሁ ነገር ሁሉ ቆልፎባት ሊያኖራት ነው ብዬ እምቢ ልል ነበር። ‹እንዳያዩብኝ ብዬ› ስትለኝ ግን አፍህን ከፍተህ ተናገርከው። እኔ ለሁለት ዓመት ያቃተኝን።» «የፊታችን ቅዳሜ ና። ሽማግሌ አታምጣ። ቦቲ ጫማና ስፓነር አምጣ።»

አዎ ማለታቸው እንደሆነ እስኪገባኝ ድረስ መኪናቸው ውስጥ ገብተው ነበር።

በቅዳሜው ሄድኩ። ቁልፉ ከጸሎት መጽሐፋቸው ውስጥ ወጣ። ቤዝመንቱ ውስጥ ቁርጭምጭሚታችን ድረስ ውኃ ውስጥ ቆመን ሁለታችንም ከየት እንደምንጀምር ስናይ፣ ከላይ ከደረጃው ጫፍ የእትዬ ወይንሸት ድምፅ መጣ።

«ታምሩ! ሁለት ዓመት ሲሸተኝ የኖረው ይሄ ነው?»

አማቴ ያልሰሙ ለመምሰል ስፓነሩን ከእጄ ወስደው ሥራ ሊጀምሩ ቃጡ። ወዲያው ግን ቀና ብለው «አዎ፣ ይሄ ነው። ነይ ውረጅ እዪው» አሉ። ሲናገሩ ትከሻቸው ዝቅ ሲል አየሁት።

አንባቢዬ፣ ምክር የምሰጥ ሰው አይደለሁም፤ የእግር መጥረጊያ የሚተኩስ ሰው ምን ምክር አለው? ግን እናንተም ቤት እንግዳ ሲመጣ የምትቆልፉት በር አለ፤ አታታልሉኝ። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ማህሌትን ከማግባቴ በፊትም ሆነ ካገባኋት በኋላ፣ የሚያንጠባጥበኝን ነገር አስቀድሜ እነግራታለሁ። ሥራ ላይ የሠራሁትን ስሕተትም፣ ፍርሃቴንም። እሷም ትነግረኛለች። ደረቅ ሆነን የዋልንበት ቀን ካለ፣ አንዳችን እየጋለ መሆኑን እናውቃለን።

ቀጭኔ ዛሬም ሐይቁ ላይ ናት። በየዓመቱ ከውኃ አውጥተን ሆዷን እንፍቃለን፣ ጥቁር ቀለም እንቀባለን፤ ጡቦቿን ማንም አይነካም። ከበሩ በላይ ማህሌት በትልቁ «እዚህ ጀልባ ላይ ኖር የሚባለው ተቀምጦ ነው» ብላ ጽፋለች። ጋሼ ታምሩ ሲገቡ ሁላችንም በየወንበራችን ሆነን «ኖር!» እንላለን። እሳቸውም «በእግዜር» ብለው፣ ለማንም ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት በቀጥታ ወደ ኋላ ሄደው ክዳኑን ያነሣሉ፣ ሞተሩንም ያስነሣሉ። ትንሽ ቆይቶ ጠብታውን ሲቆጥሩ እንሰማቸዋለን። ሁለት ላይ ሲደርሱ መጥተው ከኛ ጋር ይቀመጣሉ።